«ጎ አሄድ» ሲባሉ ምን ማድረግ እንዳለብዎ፣ እርስዎም መቼና እንዴት እንደሚሉት

እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ጎልማሶች፣ የሆቴል ሠራተኞችም ሆኑ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚዘጋጁ፣ ዞረው ዞረው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ «‹ጎ አሄድ› አሉኝ፤ ልቀጥል ነው ወይስ ልሂድ?» ጥያቄው ስለማይቋረጥ መልሱን በሥራ ላይ በሚውል መልኩ ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው «ጎ» ከሚለው ቃል ነው። ሁላችንም መጀመሪያ የተማርነው «ሂድ» ብለን ስለሆነ፣ ጆሮ «ጎ»ን ሲሰማ እግር ወደ በሩ ያመራል። በዚህ ሐረግ ውስጥ ግን ማባረር የለም። «ጎ አሄድ» የሚልዎ ሰው የሚነግርዎ አንድ ነገር ነው፦ ተራው የእርስዎ ነው፣ እኔ አላግድዎትም። ተራው የመናገር ይሁን የማለፍ፣ የመውሰድ ይሁን የመጀመር፣ የሚታወቀው ከሐረጉ በፊት ከሆነው ነገር ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ደብተር። ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፦ «ከዚያ በፊት ምን ሆነ?»፣ «ምን አሉኝ?»፣ «ምን አደረግሁ?»
• ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። የሚቀዱት የራስዎን ድምፅ ብቻ ነው፤ ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅዳት በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል።
• አብሮዎ የሚለማመድ አንድ ሰው። እንግሊዝኛው ከእርስዎ የተሻለ ባይሆንም ግድ የለም፤ የሚፈለገው ጠያቂና ፈቃጅ እየሆነ ቦታ የሚቀያየርዎ ነው።
• በቀን ሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ።

የሰዋስው መጽሐፍ ለዚህ አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ ሐረጉን በጆሮ መለየት

«ጎ አሄድ» በጽሑፍ ሁለት ቃል ነው፤ ሲነገር ግን አንድ ሆኖ ይሮጣል። የመካከለኛው «አ» ተውጦ «ጎውኧሄድ» ይመስላል፤ ድምፁ የሚበረታውም መጨረሻው «ሄድ» ላይ ነው። ስልክዎ ላይ በዚህ መልክ ደጋግመው ይቅዱና ያዳምጡ። «ጎ» ላይ ካበረቱና ከዚያ ቆም ካሉ፣ የሚሰማዎ ሰው «ሂድ» ብለው የጀመሩ ይመስለዋል።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ከሌሎች ተቀራራቢ ሐረጎች ለመለየትም ነው። «ጎ አዌይ» ማለት «ከፊቴ ጥፋ» ነው። «ጎ ኦን» ደግሞ «ቀጥል፣ ከዚያስ?» ማለት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚባለው ለጀመረ ሰው ነው። «ጎ አሄድ» ላልጀመረም፣ ጀምሮ ላቋረጠም ይሆናል። «አዌይ» እና «አሄድ» የሚለያዩት በመጨረሻው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ የሐረጉን ጫፍ ማድመጥ ይልመዱ።

ደረጃ 2፦ ከሐረጉ በፊት ምን እንደሆነ ማየት

መልሱ የሚገኘው እዚህ ነው። «ጎ አሄድ» ሲሰሙ ወዲያው ራስዎን ይጠይቁ፦ አሁን ከመባሌ በፊት ምን ሆነ?

ሀ. እርስዎ ጠይቀው ከነበረ፣ ተፈቅዷል። «ሜይ አይ ሲት ሂር?» ብለው መቀመጥ እንደሚችሉ ጠየቁ፤ «ሹር፣ ጎ አሄድ» ተባሉ። «ታንክ ዩ» ብለው ይቀመጡ። ቆመው ደግመው አይጠይቁ። በእኛ ወግ ሁለት ሦስት ጊዜ «ኧረ ግድ የለም» ማለት ጨዋነት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን አንዴ ከፈቀደ በኋላ ማመንታትዎን ካየ፣ መቀመጥ አልፈለጉም ብሎ ያስባል።

ለ. ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ መናገር ጀምራችሁ ከነበረ፣ የመናገር ተራውን ለቆልዎታል። «ሶሪ፣ ጎ አሄድ» ሲልዎ «ይቅርታ፣ እርስዎ ይናገሩ» ማለቱ ነው። ሐሳብዎን ይቀጥሉ። ተራውን መልሰው መስጠት ከፈለጉ «ኖ፣ ፕሊዝ፣ ዩ ጎ አሄድ» ይበሉ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። በቪዲዮ ስብሰባ ድምፅ ስለሚዘገይ ይህ አዘውትሮ ያጋጥማል፤ ሁለት ሰዎች «አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል።

ሐ. በር፣ አሳንሰር ወይም ሰልፍ ላይ ከሆናችሁ፣ «ይለፉ» ማለት ነው። ይለፉ፣ አመስግኑ፣ አለቀ።

መ. በስልክ ጸጥታ ከነበረ፣ «እየሰማሁ ነው፣ ይናገሩ» ማለት ነው። ሆስፒታል ወይም መሥሪያ ቤት ደውለው፣ ሠራተኛዋ መዝገብ ከፍታ ስትጨርስ «ኦኬ፣ ጎ አሄድ» ካለች፣ የምትጠብቀው የእርስዎን ስም ወይም ቁጥር ነው። እዚህ ዝም ያለ ሰው መስመሩ የተቋረጠ ይመስልና ይዘጋበታል። በስልክ አስተርጓሚ ሲነጋገሩም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሙ ወይም አስተርጓሚው «ጎ አሄድ» ሲል አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግረው ያቁሙ። የሕመምዎን ታሪክ በአንድ ትንፋሽ ካወረዱት አስተርጓሚው ከመካከሉ ይጥላል፤ የሚጠፋው ደግሞ የመድኃኒቱ ስም ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ መኪና እየነዱ ከሆነ በሌላ ሹፌር እጅ ምልክት ብቻ አይለፉ። በአሜሪካ በአራቱም አቅጣጫ የማቆሚያ ምልክት ባለበት መስቀለኛ መንገድ ቅድሚያው ቀድሞ የደረሰው ነው፤ እኩል ከደረሳችሁ ደግሞ ከቀኝ ያለው ያልፋል። አንዱ ሹፌር እጁን አወዛውዞ «ጎ አሄድ» ቢልዎ እሱ መልቀቁን ብቻ ነው የነገረዎ፤ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣውን መኪናና እግረኛ አላየልዎትም። ቢጋጩ ምልክቱ ከኃላፊነት አያድንዎትም።

ደረጃ 3፦ «ጎ አሄድ ኤንድ» ሲመጣ፣ ትእዛዝ መሆኑን ማወቅ

ተማሪዎቼ አብዝተው የሚስቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። «ጎ አሄድ» ብቻውን ፈቃድ ነው። «ኤንድ» ተጨምሮበት ሌላ ግሥ ሲከተለው ግን፣ በተለይ በአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ የለሰለሰ ትእዛዝ ይሆናል። ማን ይናገረዋል? ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የኤርፖርት ፈታሽ፣ አለቃ፣ ፖሊስ። ሥራው ሰውን እንዲህ አድርግ ማለት የሆነ ሁሉ ይጠቀምበታል።

ክሊኒክ ገቡ እንበል። ነርሷ በሩን ከፍታ ስምዎን ጠርታ «ጎ አሄድ ኤንድ ሃቭ ኤ ሲት» ትላለች፤ ይቀመጡ ማለቷ ነው። የደም ግፊት መለኪያውን አንስታ «ጎ አሄድ ኤንድ ሮል አፕ ዩር ስሊቭ» ስትል እጅጌዎን ይሰብስቡ። ሚዛኑን እያሳየች «ጎ አሄድ ኤንድ ስቴፕ አፕ» ካለች ሚዛኑ ላይ ይውጡ። በእነዚህ ሁሉ እርስዎ የጠየቁት ነገር የለም፤ ስለዚህ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። «ቢፈልጉ» ማለቷ መስሎት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ነርሷ ደግሞ አልሰማኝም ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች፤ ያን ጊዜ ሰውዬው የተቆጣችው ይመስለዋል።

የአሠራሩ ዘዴ ይህ ነው፦ ከ«ኤንድ» በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ቃል ያዙ። ማድረግ ያለብዎት እሱ ነው። «ሲት»፣ «ሳይን»፣ «ዌይት»፣ «ፊል አውት» የሚሉትን፣ ማለትም መቀመጥን፣ መፈረምን፣ መጠበቅንና ቅጽ መሙላትን፣ አስቀድመው ካወቁ የዕለት ጉዳይዎ አብዛኛው ይሸፈናል። ለአሜሪካ ዜግነት ቃለ መጠይቅ ለሚቀርቡ አንድ ልጨምር፦ መርማሪው ከመጀመሩ በፊት ቃለ መሐላ ያስገባል። «ጎ አሄድ ኤንድ ሬይዝ ዩር ራይት ሃንድ» ቢልዎ ቀኝ እጅዎን ያንሡ። እንግሊዝኛዎ የሚታየው ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ይህን ዐረፍተ ነገር ቤት ውስጥ በሰው አፍ ደጋግመው ይስሙት።

በኃላፊ ጊዜ ሲመጣ ሌላ መልክ አለው። አለቃዎ «አይ ዌንት አሄድ ኤንድ ቼንጅድ ዘ ስኬጁል» ብሎ ቢጽፍልዎ፣ ፈቃድዎን እየጠየቀ አይደለም። «ሳልጠብቅ የሥራ ሰዓቱን ቀይሬዋለሁ» ብሎ ማሳወቁ ነው። አዲሱን ሰዓት ያረጋግጡ፤ የማይመችዎ ከሆነም በዚያው ዕለት ይናገሩ። እርስዎ ራስዎ ይህን አባባል ለአለቃ ሲጠቀሙ ግን ይጠንቀቁ፤ «ሳልጠይቅዎ አደረግሁት» የሚል መልእክት አለው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ጎ አሄድ ኤንድ ሳይን ሂር» የተባለ ሰው ሳያነብ መፈረም የለበትም። ትእዛዙ ለስላሳ ነው፣ ወረቀቱ ግን ውል ነው። «ካን አይ ሪድ ኢት ፈርስት?» ይበሉ፤ መጀመሪያ ማንበብ እችላለሁ ወይ ማለት ነው። ይህን መጠየቅ እንደ ስድብ የሚቆጠርበት ቦታ የለም። የቤት ኪራይ፣ የመኪና ብድር፣ የሥራ ውል ሲሆን ወረቀቱን ይዘው ሄደው የሚያስነብቡት ሰው ይፈልጉ።

ደረጃ 4፦ «ዱ ዩ ማይንድ» ለሚል ጥያቄ በትክክል መመለስ

«ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» የሚለው ጥያቄ «መስኮቱን ብከፍተው ቅር ይልዎታል?» ማለት ነው። ብዙ ሰው ሊፈቅድ ፈልጎ «የስ፣ ጎ አሄድ» ይላል። ይህ «አዎ ቅር ይለኛል፣ ይክፈቱት» እንደ ማለት ይሆንና ጠያቂው እጁ መስኮቱ ላይ እንዳለ ይቆማል።

ትክክለኛው መልስ «ኖ፣ ኖት አት ኦል። ጎ አሄድ» ነው። ምክንያቱን ለማስታወስ የአማርኛውን ልማድ ያስቡ፦ «ቅር ይልዎታል?» የተባለ ሰው «ኧረ በፍጹም፣ ይክፈቱት» ይላል። መጀመሪያ አሉታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ። እንግሊዝኛውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል። ሲደናገጡ «ኖ»ውም «የስ»ውም ከጠፋብዎ ሁለቱንም ትተው «ጎ አሄድ» ብቻ ይበሉ፤ ያለ ስሕተት ይወጡታል።

ደረጃ 5፦ እርስዎ ፈቃድ ሲሰጡ

አማርኛ «ቀጥል»፣ «ቀጥዪ»፣ «ቀጥሉ»፣ «ይቀጥሉ» ብሎ ሰውን ይለያል። «ጎ አሄድ» ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው አንድ ነው። ስለዚህ አክብሮቱን በሌላ ነገር መጨመር የእርስዎ ሥራ ነው፤ ካልጨመሩ እርቃኑን የቀረ «ጎ አሄድ» ለእንግዳ ጆሮ ይደርቃል።

ለጓደኛና ለሥራ ባልደረባ «ሹር፣ ጎ አሄድ» ይበቃል። ለደንበኛ፣ ለእንግዳና ለታላቅ «ፕሊዝ፣ ጎ አሄድ» ይበሉ፣ እጅዎን ከፍተው ወደ ወንበሩ ወይም ወደ በሩ ያመልክቱ። በጣም መደበኛ በሆነ ቦታ «የስ፣ ኦፍ ኮርስ» ብለው የተፈቀደውን ነገር በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይድገሙት። ሆቴል ውስጥ እንግዳው «ካን አይ ሊቭ ማይ ባግ ሂር?» ብሎ ሻንጣውን ስለ ማስቀመጥ ሲጠይቅ «የስ፣ ኦፍ ኮርስ። ፕሊዝ ሊቭ ኢት ዊዝ አስ» ማለት ከ«ጎ አሄድ» ይሻላል። «ጎ አሄድ» ያደረገው መከልከልን ማንሳት ብቻ ነው፤ ሙሉው መልስ ግን ሻንጣውን እኛ እንጠብቅልዎታለን ይላል።

በእጅዎ ያልሆነን ነገር አይፍቀዱ። እንግዳው ከተከለከለ ቦታ ፎቶ ማንሳት ቢፈልግ ወይም ከመውጫ ሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ መቆየት ቢጠይቅ፣ «ጎ አሄድ» ካሉ የፈቀዱት እርስዎ ነዎት፤ በኋላ የሚጠየቁትም እርስዎ ነዎት። «ሌት ሚ ቼክ» ይበሉና ለሚመለከተው ያስተላልፉ።

ቅርብ ዘመዶቹን ባጭሩ፦ «ቢ ማይ ጌስት» ማለት «እንደ ፈለጉ፣ ይጠቀሙ» ነው እንጂ ግብዣ አይደለም፤ ሒሳቡን ይከፍልልኛል ብለው አይጠብቁ። «ሄልፕ ዩርሰልፍ» ለምግብና ለመጠጥ ነው፣ አንስተው ይብሉ ማለት። «ፊል ፍሪ» በጽሑፍ ይዘወተራል፦ «ፊል ፍሪ ቱ ኮል ሚ» ሲሉዎ መደወል ይችላሉ ማለት ነው። «ጎ ፎር ኢት» ፈቃድ ሳይሆን ማበረታቻ ነው፤ «በርታ፣ ሞክረው» ለማለት።

ደረጃ 6፦ ፈቃድ መስሎ የመጣን ቁጣ ማወቅ

«ፋይን። ጎ አሄድ።» ሁለቱ ቃላት በአጭሩ ተቆርጠው፣ ድምፁ ወርዶ፣ ዓይን ወደ ሌላ ዞሮ ከተባሉ፣ ሰውየው አልፈቀደም፤ መከራከር ታክቶታል። በአማርኛም «ጥሩ፣ እንደ ፈለግህ አድርግ!» ሲባል ማንም ፈቃድ ነው ብሎ አይወስደውም። ጠብ ውስጥ ከሆነ ደግሞ «ጎ አሄድ» ዛቻ ነው፤ «እስቲ ንካውና እናያለን» ማለት። ያኔ የሚሻለው እጅን መሰብሰብና ራቅ ማለት ነው።

ሦስት ምልክቶችን ይፈልጉ፦ «ፕሊዝ» ወይም «ሹር» የለም፤ ድምፁ ከመጨረሻው ይወድቃል፤ ፊት አይፈታም። ሁለቱ ከተገኙ «አር ዩ ሹር?» ብለው በእርጋታ ይጠይቁ። ከልቡ ከሆነ ያረጋግጥልዎታል፤ ካልሆነም ቅሬታውን ለመናገር በር ይከፈትለታል። ለአሠሪ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ጥያቄ አይዝለሉ፣ በኋላ «አልፈቀድኩም» የሚባለው በእንዲህ ያለው «ጎ አሄድ» ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ በጽሑፍ መጠቀምና ማስረጃ ማስቀረት

በመካከሉ ሰረዝ ገብቶበት አንድ ቃል ሲሆን ስም ነው፤ «ሥራ የመጀመር ፈቃድ» ማለት። «ዊ ጋት ዘ ጎ-አሄድ» ሲል ጋዜጦቻችን «አረንጓዴ መብራት በራላቸው» የሚሉት ዓይነት ነው። በስምነት ሲገባ «ዘ» ከፊቱ አይቅር። ስብሰባ ወይም ሠርግ «ዊል ጎ አሄድ» ከተባለ ደግሞ ፈቃድ የለበትም፤ በታሰበው ቀን ይካሄዳል ማለት ነው። «ዝናብ ቢዘንብም ዝግጅቱ ጎ አሄድ ይላል» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ቀርቷል ብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ።

በቃል የተሰጠ «ጎ አሄድ» ይረሳል። የዕረፍት ቀንን፣ የገንዘብ ወጪን ወይም የሥራ ለውጥን የሚመለከት ከሆነ በዚያው ቀን በአጭር መልእክት ያጽኑት። በገልፍ አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እኅት አርብ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ጠይቃ «ጎ አሄድ» ከተባለች፣ ለአሠሪዋ «ታንክ ዩ ፎር ሌቲንግ ሚ ጎ ኦን ፍራይዴይ» ብላ ትላክ፤ አርብ እንድሄድ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ምስጋና ነው፣ ማስረጃም ነው። አሠሪዋ ካልተስማማች አርብ ሳይደርስ ትናገራለች።

ደረጃ 8፦ የማይሠራበትን ቦታ ማወቅ

በአውሮፕላን ሬድዮ ላይ ይህ ሐረግ ጠባብ ትርጉም ብቻ አለው። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የቃላት መፍቻ «መልእክትህን ተናገር» ማለት መሆኑን ደንግጎ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ይከለክላል። በብሪታንያ ደግሞ በምትኩ «ፓስ ዩር ሜሴጅ» ይባላል፤ አብራሪ ወይም የሜዳ ሹፌር «ጎ አሄድ»ን ሰምቶ ወደ ፊት እንዳይነዳ። በኤርፖርት ሜዳ ለመሥራት የሚሠለጥኑ ከሆነ፣ በሬድዮ «ጎ አሄድ» ሲባሉ ይናገሩ እንጂ ተሽከርካሪ አያንቀሳቅሱ።

መስማት ለተሳናቸው በሚያገለግለው የጽሑፍ ስልክ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ተራውን ሲጨርስ ይህን ሐረግ በሁለት ፊደል አሳጥሮ ይጽፋል። በአገናኝ ኦፕሬተር በኩል እንዲህ ያለ ጥሪ ከደረሰዎ ኦፕሬተሩ «ጎ አሄድ» እስኪል ይጠብቁ፣ ተናግረው ሲጨርሱም ራስዎ «ጎ አሄድ» ይበሉ። ካላሉት ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ገና አልጨረሱም ብሎ ይጠብቃል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

• «ጎ አሄድ» ሲባሉ ተነሥቶ መውጣት። መፍትሔው፦ ሳይንቀሳቀሱ ከዚያ በፊት የሆነውን ማሰብ።
• «ጎ ቱ አሄድ» ማለት። «ቱ» አይገባበትም። አንድን ሥራ ለመጥቀስ «ዊዝ» ይጨመራል፦ «ጎ አሄድ ዊዝ ዘ ፕላን»።
• «ጎ አሄድ ኦፍ ሚ» ሲባሉ ፈቃድ አድርጎ መውሰድ። «ኦፍ» ካለ «ከእኔ ቀድመው ይሂዱ» ነው፤ እዚህ ላይ በእውነትም መሄድ አለ።
• አለቃ መመሪያ ሲሰጥ «ጎ አሄድ» ብሎ መመለስ። ለአለቃው ፈቃድ የሰጡት ይመስላል። «ኦኬ» ወይም «አይ ዊል ዱ ኢት» ይበሉ።
• ከተፈቀደ በኋላ ያለ «ታንክ ዩ» መጀመር። ሐረጉ በር ከፈተ፣ ምስጋናው ይዘጋዋል።

የልምምድ አሠራር

ከጓደኛዎ ጋር ተቀምጠው አንዳችሁ ጠይቁ፣ ሌላው ፍቀዱ፤ ከዚያ ተቀያየሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ 2ን ብቻ ይሥሩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጓደኛዎ ነርስ ይሁን፣ «ጎ አሄድ ኤንድ» ብሎ ያዝዝዎ፤ እርስዎ ሳይመልሱ ትእዛዙን ይፈጽሙ። ሦስተኛው ሳምንት «ዱ ዩ ማይንድ» ነው፤ ምላስ እስኪለምደው «ኖ» ብሎ መፍቀድ ያስቸግራልና ፍጥነት ሳትጨምሩ ደጋግሙት። በመንገድም በሥራ ቦታም የሰሙትን እያንዳንዱን «ጎ አሄድ» ማታ ደብተሩ ላይ ያስፍሩ፤ የመጀመሪያውን ዓምድ ባዶ አይተዉት።